ለባሌ የተስማማ፣ እኔን ያነቀ ክኒን

ይህን የምጽፈው ለሐኪሞች አይደለም። የእኔ ሐኪም የተነገረውን የሚሰማ ሰው ቢሆን ኖሮ አንድ ደኅና ጥርሴ እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ ነበር። የምጽፈው የደም ግፊት ክኒን እየዋጡ ለሚያስላቸው፣ ከንፈራቸው አብጦ ለሚነሡ፣ ከዚያም "ምን በልተሽ ነው?" ተብለው ወደ ቤታቸው ለሚሸኙ ሰዎች ነው። በአማርኛ የምጽፈውም ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹ ሐኪም ፊት "አልገባኝም" ማለት ስለሚያፍሩ ነው። ማፈር የነበረበት ሌላ ሰው ነው።

ስሜ ትርንጎ ነው፤ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ከጎንደር ገጠር ተነሥተን፣ አዲስ አበባ አንድ ዓመት ያህል ተራ ጠብቀን፣ በአውሮፕላን ተጠቅጥቀን እስራኤል ስንገባ ሃያ ዓመቴ ነበር። አሁን ከባሌ ከአድማሱ ጋር ሐዴራ፣ ቤት ኤሊዔዘር እኖራለሁ። አንዲት ልጅ አለችን፣ ሺራ። አግብታ ክፋር ብራንዳይስ ትኖራለች፤ ጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ናት። እኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርቻለሁ። ሰው ምን ያህል እንደታመመ ከአንሶላው አውቃለሁ። ይህን የምለው እሾህ ወጋኝ ብላ አገር የምታስጨንቅ ሴት እንዳልሆንኩ እንድታውቁልኝ ነው።

ነገሩ በራስ ምታት ጀመረ። ኩፓት ሆሊም፣ ማለት ሁላችንም የተመዘገብንበት የጤና መድን ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ግፊቴን ለካች፤ ደግማ ለካች፤ ቅንድቧን አንሥታ ወደ ሐኪሙ ሰደደችኝ። የሐኪሙን ስም አልጽፍም። ዐሥር ዓመት የቤተሰባችን ሐኪም ሆኖ ሲኖር ዐይኑ የሚያውቀው የኮምፒዩተሩን ፊት እንጂ የእኔን አይደለም። መንገድ ላይ ቢያገኘኝ ያልፈኛል።

"ግፊት አለብሽ" አለኝ ወደ ኮምፒዩተሩ እያየ። "ይህን በቀን አንድ ትወስጃለሽ።"

"ጉዳት የለውም?"

"ባልሽ ይህንኑ መውሰድ ከጀመረ ስንት ዓመቱ ነው?"

"ስድስት።"

"ሞተ?"

በገዛ ቀልዱ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ያች ሳቅ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች። በገባሁ አራት ደቂቃ ሳይሞላ ወጣሁ፤ ከእኔ በኋላ ሰባት ሰው ወንበር ላይ ይጠብቅ ነበር።

የክኒኑ ስም በ"ፕሪል" የሚያልቅ ነው። እንዲህ የሚያልቁ ብዙ ናቸው፤ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ከብዙ ሰው ጋር በሰላም ይኖራሉ። አድማሱ ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት ክኒን መዋጡ ደስ አለው። ብቻውን በሽተኛ መሆን የሰለቸው ሰው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት ቆመን፣ ከአንድ ማሰሮ ውኃ ቀድተን፣ እኩል እንውጥ ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ ሳል ጀመረኝ። አክታ የለውም። ደረቅ ነው። ጉሮሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ይበላኛል፤ አሳክኮ አሳክኮ ሲያበቃ ሳሉን ያፈነዳዋል። አውቶቡስ ላይ ሲነሣብኝ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ወንበር ይቀይራል። ስስል ሽንት ያመልጠኝ ጀመር። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ ሌላዋ ሴት ብቻዋን የደረሰባት እንዳይመስላት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ቅያሪ ልብስ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም ነበር።

ወደ ሐኪሙ ሄድኩ። ቫይረስ ነው አለና ሽሮፕ ሰጠኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፤ አንቲባዮቲክ ሰጠኝ። እንደገና ተመለስኩ።

"የት ነው የምትሠሪው?"

"ልብስ ማጠቢያ።"

"አሃ! ሳሙናው ነው። አስም ጀምሮሻል።"

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላስነጠሰኝ ሳሙና! በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አዘዘልኝ። እጄን አንቀጠቀጠኝ እንጂ ሳሌን አልነካውም። ለአራተኛ ጊዜ ስመለስ አንድ አዲስ ጥያቄ ተገለጠለት።

"ኢትዮጵያ መቼ ነበርሽ?"

"ከመጣሁ ተመልሼ አላውቅም።"

"ከዚያ የመጣ እንግዳ አለ ቤትሽ?"

"የለም።"

"ለማንኛውም ለሳንባ ነቀርሳ ትመርመሪ።"

ምርመራውን አልንቅም። ሲያስል የከረመ ሰው ቢመረመር ደግ ነው። የምንቀው መንገዱን ነው። አብራኝ የምትሠራው ስቬታ ያን ክረምት ከእኔ እኩል ስታስል ነበር፤ ሞስኮ መቼ ነበርሽ ያላት የለም፤ ሻይ በማር ጠጪ ተብላ ሦስት ቀን ዕረፍት አገኘች። እኔን የሥራ ኃላፊዋ "ውጤቱ እስኪታወቅ ቤትሽ ሁኚ" አለችኝ፤ እኔን በር እየዘጋችብኝ ለስቬታ አየር እንድታገኝ መስኮት ከፈተችላት።

የአድማሱ ታላቅ እኅት፣ እትየ ዘውዲቱ፣ ነቬ ሐይም ነው የምትኖረው። ወሬውን ሰምታ ልትጠይቀኝ መጣች። ስትመጣ ከቦርሳዋ የራሷን የፕላስቲክ ኩባያ አወጣች።

"እትየ፣ ምነው? እኛ ቤት ኩባያ ጠፋ?" አልኳት።

"አይ ልጄ፣ ክፉ አትውሰጂብኝ። እንዲያው ለሁላችን ይሻላል ብዬ ነው።"

በር አጠገብ ተቀምጣ ሻይዋን ጠጣችና ሄደች። አድማሱ ሲሸኛት ደረጃው ላይ "እኅቴ ሙች፣ ሁለተኛ እንዲህ አድርገሽ አትምጪ" ሲላት ሰማሁ። ተጣሉ፤ ብዙ ወር ሳይነጋገሩ ከረሙ። በእሷ አልፈርድም፤ በዚያ በሽታ ሰው ሲያልቅ በዐይኗ ያየች ሴት ናት። የምንቀው ያን ፍርሃት ያለ ቦታው የዘራውን ነው።

ሳንባ ክሊኒክ ውስጥ ያገኘኋት ነርስ ጡረታ የደረሰች ሩሲያዊት ነበረች። ክንዴን ወጋች፤ ፎቶ አስነሣችኝ፤ ውጤቱን ስወስድ ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አደረገች።

"ሳንባሽ ንጹሕ ነው። አሁን ንገሪኝ፣ ምን ክኒን ትወስጃለሽ?"

ነገርኳት።

"ይህ ክኒን አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። ሐኪምሽን ጠይቂው።" ይህንኑ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ።

ወረቀቷን እንደ ክታብ ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ አየት አደረጋት።

"ይህን ማን ነገረሽ?"

"የሳንባ ክሊኒክ ነርስ።"

"ነርስ" አለ፤ ከከንፈሩ ዳር ፈገግ ብሎ። "ሐኪም የሆነች ዕለት እንሰማታለን። ግፊትሽ ወርዷል። ክኒኑ ይሠራል። የሚሠራ ነገር አይነካም።"

ወረቀቷን ቅርጫት ውስጥ ጣላት። እኔም ዝም አልኩ። ዕብራይስጥ አቅቶኝ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእሱ ሠርቼበታለሁ፣ ተጣልቼበታለሁ። ዝም ያልኩት ለነጭ ልብስ መስገድ ስላስለመዱኝ ነው። ለዚያች ዝምታ ራሴንም ከምንቃቸው ሰዎች መካከል አስገብቻለሁ።

ከወር በኋላ አንድ ጠዋት ስነሣ የላይኛው ከንፈሬ አብጧል። መስታወት ፊት ቆሜ አላወቅሁትም። አይበላኝም፣ አያቃጥለኝም፣ ዝም ብሎ ተነፍቷል። አፌን ሸፍኜ ክሊኒክ ሄድኩ። ቶር፣ ማለት ቀጠሮ አልነበረኝም፤ በሰው መካከል ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። አንዲት ሴትዮ ለጓደኛዋ "ባሏ ይሆናል የመታት" ስትል ሰማኋት። እኔ እንዳልሰማ ድምፅዋን አልቀነሰችም፤ ቋንቋውን የማልሰማ መስሏት ነው።

ሐኪሙ አንዴ ቀና ብሎ አየኝ።

"ትናንት ምን በላሽ?"

"የሰው ምግብ።"

"ሐሪፍ ነበረው?"

በእነሱ ቋንቋ ሐሪፍ ማለት የሚያቃጥል ማለት ነው። "በርበሬ ያለው ወጥ ነው" አልኩት። "እናቴም በልታዋለች፣ አያቴም።"

"ይኸው! አለርጂ ነው።"

ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል። የአለርጂ ክኒን ሰጠኝ። በማግሥቱ እብጠቱ ጠፋ፤ እሱስ ሳይነካኩትም ይጠፋ ነበር። እሱ ግን ያዳነኝ መሰለው፤ እኔም መሰለኝ፤ ቤተሰቤም መሰለው።

አድማሱ በዚያው ምሽት በርበሬውን፣ ሚጥሚጣውን፣ አዋዜውን ጠራርጎ ለጎረቤት ሰጠ። ሺራ ከሥራ ቦታዋ የተከለከሉ ምግቦች ዝርዝር አትማ አመጣችና ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው፤ በርበሬ፣ ለውዝ፣ እንቁላል፣ ቲማቲም፣ ዓሣ። የቀረልኝ የተቀቀለ ድንችና ሩዝ ነው። ስድስት ኪሎ ከሳሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው፤ ነገሩ ያለው ክኒን መያዣው ውስጥ፣ እኛ የምንፈልገው ድስት ውስጥ።

ደግሞ አበጠ። በዚህ ጊዜ የግራ ጉንጬ ነበር። ሐኪሙ "ይህ የጥርስ ነው" ብሎ ወደ ጥርስ ሐኪም ላከኝ። የጥርስ ሐኪሙ ፎቶ አነሣና ከጥንት የተሞላ አንድ መንጋጋዬን ጠረጠረ።

"ያምሻል?"

"አያመኝም።"

"ሥሩ ተመርዞ ይሆናል። ማውጣቱ ይሻላል።"

ነቀለው። በሳህን ላይ ሲያሳየኝ ሥሩ ነጭ፣ ጠንካራ፣ ምንም የሌለበት ነበር። እሱም አይቶታል። ጓንቱን አወለቀና "ለማንኛውም ወጣ" አለኝ። ለማንኛውም! እንግዲህ የእኔ አፍ ለማንኛውም የሚቆፈር ጓሮ ሆኗል።

ለሦስተኛ ጊዜ፣ እንደገና ከንፈሬ ሲያብጥ፣ ሺራ አብራኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ እኔን ማናገር ተወ። "እናትሽ ምን ትበላለች? እናትሽ ትጨነቃለች?" ይላታል እኔ አጠገቧ ተቀምጬ። እሷም "አትሰማኝም፤ በድብቅ ትበላለች መሰለኝ" አለችው። ልጄ ናት ይህን ያለችው።

"እኔ በድብቅ የምበላ ሌባ ነኝ?" አልኳት በአማርኛ።

"እማ፣ ዳይ! ይብቃሽ! ሐኪሙ እያለ አትጩሂብኝ። እሱ አውቆ ነው የሚናገረው።"

"እሱ የሚያውቀው በርበሬ ብቻ ነው! ክኒኑን ለምን አይጠይቅም?"

"አባም እኮ ያንኑ ይወስዳል። እሱን ምን አደረገው?"

ይህ ነበር የሁሉም መከራከሪያ። አድማሱም ይህንኑ ይለኝ ነበር፤ "እኔን ያልጎዳኝ አንቺን እንዴት ይጎዳሻል? አንድ ክኒን አይደለም?" አንድ ክኒን ነው። ሴትየዋና ሰውየው ግን ሁለት ናቸው። ይህን ለመረዳት የሕክምና ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ግን የገባውም አልተረዳውም።

ከዚያ ወዲህ ፍርሃት ያዘኝ። የምተኛው በትራስ ላይ ትራስ ደርቤ፣ እጄን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ነበር። አድማሱ የተኛሁ እየመሰለው ትንፋሼን ሊያዳምጥ ጆሮውን ሲያስጠጋ አውቀዋለሁ። አንነጋገርም። ጠዋት ስንነሣ ደግሞ ሁለታችንም ወጥ ቤት ቆመን ያንኑ ክኒን እንውጣለን።

ምላሴ ያበጠው ሥራ ላይ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግድም፣ አንሶላ እያጠፍን ሳለ። ስቬታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ መልስ ስሰጣት ቃሌ ተንተባተበ። ሳቀች፤ የቀለድኩ መስሏት ነው። ከዚያ ፊቴን አየች። ምላሴ አፌን ሞልቶ ምራቄን መዋጥ አቅቶኝ ነበር። አንሶላውን ጥላ ሮጣ አምቡላንስ ጠራች፤ እስኪመጣ ድረስ ከኋላዬ አቅፋ ይዛ "ተንፍሺ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ" ትለኝ ነበር። ስቬታ የትም አልተማረችም። ለአንድ ዓመት ያህል ከተማሩት ሁሉ ያላገኘሁትን እሷ በሩብ ሰዓት ሰጠችኝ፤ ፊቴን አይታ አመነችኝ።

በአምቡላንሱ ውስጥ መርፌ ወጉኝ። ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ሌላ ወጉኝ። እብጠቱ ግን አልጎደለም። ጉሮሮዬን የሚያይ ሐኪም መጥቶ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገባ። አጠገቤ ቱቦ አዘጋጅተው አየሁ፤ መተንፈሻዬ ከተዘጋ የሚያስገቡት ነው። ያን ጊዜ ስለ ሞት ያሰብኩትን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ያሰብኩት "የኔ ሐኪም በርበሬ ገደላት ብሎ ይጽፋል" የሚለውን ነው። እንዲህ ተብሎ ከሚጻፍብኝ መኖር ይሻላል ብዬ በአፍንጫዬ አየር ሳብኩ።

አንዲት ወጣት ሐኪም መጣች። ዐይኗ ከድካም ቀልቷል፤ ካልሲዎቿ ሁለት ዓይነት ናቸው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አትናገሪ። በጭንቅላትሽ መልሺልኝ። ክኒን ትወስጃለሽ?"

አዎ አልኩ በራሴ። በስልኬ የክኒኑን ፎቶ አሳየኋት። ስሙን አነበበች።

"ሳል ነበረሽ? ደረቅ?"

አዎ።

"ከዚህ በፊትም አብጦብሻል? ከአንድ ጊዜ በላይ?"

ሦስት ጣት አነሣሁ።

"ይህን ክኒን ማንም አቁሚ አላለሽም?"

የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። በዕብራይስጥ አንድ ቃል ተናገረች፤ እዚህ የማይጻፍ ነው። ከዚያ "ይህ አለርጂ አይደለም፤ ለዚህ ነው መርፌው ያልሠራው" አለችና ሌላ መድኃኒት እንዲያመጡ አዘዘች። ከሰዓት በኋላ እብጠቱ መጉደል ጀመረ። ያን ቀንና በማግሥቱም አሳደሩኝ። በነጋታው ፈረቃዋን ጨርሳ ስትወጣ፣ ቦርሳዋን እንደያዘች መጥታ አስረዳችኝ።

"ሰውነት ውስጥ ደም ሥርን አላልቶ ውኃ የሚያስወጣ ነገር አለ። ሰውነት ራሱ ያጸዳዋል። ይህ ክኒን ማጽዳቱን ይቀንሰዋል። አብዛኛው ሰው ምንም አይሆንም። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ይጠራቀምና ፊት፣ ምላስ፣ ጉሮሮ ያብጣል። በጀመረ ሰሞን ሊመጣ ይችላል፤ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል።"

የፍሳሽ ቱቦው የተዘጋ ማሽን ማለት ነው፤ ይህማ ሥራዬ ነው፤ ገባኝ።

"ለምን እኔን?" አልኳት።

"ለምን አንቺን እንደሆነ አላውቅም። ከአፍሪካ በመጡ ሰዎች ላይ ከሌላው ይልቅ ይታያል። ያ ማለት ግን ሁላችሁንም ይጎዳል ማለት አይደለም። ላንቺ ግን ከዛሬ ጀምሮ መርዝ ነው። እሱም፣ የሱ ቤተሰብ የሆኑትም፣ ሁሉም። ዳግመኛ እንዳትነኪው።"

"አላውቅም" አለችኝ። በሕክምና በር ባለፍኩበት ዘመን ሁሉ ይህን ቃል ከሐኪም አፍ የሰማሁት ያን ቀን ነው። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሰው የሚያውቀውን ሲናገር ይታመናል።

አድማሱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። "ዶክተር፣ እኔም እኮ ያንኑ እወስዳለሁ። ልተወው?"

"መውሰድ ከጀመርክ ስንት ዓመትህ ነው?"

"አሁን ሰባት ሊሞላኝ ነው።"

"ሳል፣ እብጠት?"

"ምንም።"

"እንግዲያው እንዳትተወው። ላንተ ልብህን ይጠብቅልሃል። አንድ ቀን ከንፈርህ ወይም ምላስህ ቢያብጥ ግን ሳትውል ሳታድር ወደዚህ ትመጣለህ።"

እሷ ስትሄድ አድማሱ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እሷ በተቀመጠችበት ተቀመጠ። "በየጠዋቱ ውኃውን የምቀዳልሽ እኔ ነበርኩ" አለኝ። ሌላ አላለም። ሺራ ደግሞ ማታ መጥታ ከእግሬ በኩል ቆማ አለቀሰች። "በድብቅ ትበላለች ያልኩት..." ብላ ጀመረች፤ አላስጨረስኳትም። ልጅን አልንቅም። ልጄን፣ እናቷን ሳይሆን ኮምፒዩተሩን እንድታምን ያደረጋትን ግን እንቃለሁ።

ቤት ስገባ የክኒኑን ማሸጊያ አውጥቼ ውስጡ ያለውን ወረቀት ዘረጋሁት። እንደ ጉንዳን በደቀቀ ፊደል ነው የተጻፈው። መነጽሬን አድርጌ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩበት። ደረቅ ሳል ይላል። የፊት፣ የከንፈር፣ የምላስ እብጠት፤ ወዲያውኑ አቁመህ ሕክምና ፈልግ ይላል። ያን ሁሉ ጊዜ መሳቢያችን ውስጥ ነበር። እኔ አላነበብኩትም፤ ባሌ አላነበበውም፤ ጠበቃ ቢሮ የምትሠራው ልጄ አላነበበችውም። እኛስ ይሁን። ሊያነበው ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ምን ይበል?

ሳሉ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠፋ። ቅያሪ ልብሱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። በርበሬ እንደገና ገዛን። እትየ ዘውዲቱም መጣች፤ ባዶ እጇን፤ በእኛ ኩባያ ጠጣች፤ እኔም ምንም አላልኩ፤ እሷም ምንም አላለች። ጥርሴ ግን አልተመለሰም።

እንግዲህ ለሚያነብ ሰው የምመክረው ይህ ነው። እኔ ክኒን ጎዳኝ ብዬ ክኒናችሁን እንዳትጥሉ፤ ግፊትም ይገድላል። አዲስ ክኒን በጀመራችሁ በሳምንቱም በዓመቱም አዲስ ነገር ከተሰማችሁ የክኒኑን ስም ይዛችሁ ጠይቁ። አንዱ ቢያሾፍባችሁ ሌላውን ጠይቁ፤ ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ ነርሷን ጠይቁ። ምላስ ወይም ከንፈር ሲያብጥ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ አምቡላንስ ጥሩ። የማይስማማችሁን መድኃኒት ስም በወረቀት ጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙ። የእኔን የጻፈችልኝ ሺራ ናት፤ በትልቅ ፊደል፣ በቀይ።

የቀረው የሐኪሙ ነገር ነው። ከሆስፒታል በወጣሁ በአራተኛው ቀን ደብዳቤውን ይዤ ሄድኩ፤ ለጥቂት ቀን የሰጡኝ ክኒን ስለሚያልቅ አዲስ ማዘዣ ያስፈልገኝ ነበር። ሺራ ልግባ ስትለኝ "ውጭ ጠብቂኝ" አልኳት። ሐኪሙ ደብዳቤውን አነበበ።

"እንዲህ ያለ ነገር አልፎ አልፎ ያጋጥማል" አለ። "ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?"

አልጮህኩም። እንዴት እንዳልጮህኩ እኔም ይገርመኛል።

"ፋይሌን ክፈተው" አልኩት። "ከንፈሬ ያበጠ ጊዜ የጻፍከውን ጮክ ብለህ አንብብልኝ።"

"ምን ያደርግልሻል?"

"ቶሩ የኔ ነው። እጠብቃለሁ።"

ከፈተው። ጉሮሮውን ጠረገ። "ታካሚዋ የከንፈር እብጠት እንዳለባት ትናገራለች። ቅመም የበዛበት ምግብ ትመገባለች። ምክር ተሰጥቷታል።"

"ቀጥል።"

"ታካሚዋ... የጉንጭ እብጠት እንዳለባት ትናገራለች። ቅመም የበዛበት ምግብ ትመገባለች። ምክር ተሰጥቷታል።"

ሦስተኛውም ቃል በቃል ያው ነበር። ለውጡ ቀኑ ብቻ።

"ከታችስ? ስለ ክኒኑ ምን ይላል?"

ገጹን ወደ ታች አወረደ። ጠበቅሁት።

"የግፊት መድኃኒት፤ ያለ ለውጥ ይቀጥል" ብሎ በገዛ ድምፁ አነበበ።

ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅሁ። ጣቶቹ ሲተይቡ ቆዩ። በመጨረሻ ሌላ ዓይነት ክኒን አዝዞ ወረቀቱን ዘረጋልኝ። ወረቀቱን አልተቀበልኩትም።

"የዚህስ ጉዳቱ ምንድን ነው?"

ያን ጊዜ ወንበሩን ከኮምፒዩተሩ አዞረ። ይህኛው ያ የጎዳኝ ቤተሰብ እንዳልሆነ፣ ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ እንደሚችል፣ ያ እብጠት ከምላሱ እንዴት እንደሚለይ፣ ምን ሲሰማኝ እንደምደውል፣ ምን ሲሰማኝ አምቡላንስ እንደምጠራ፣ በድንገት ለምን ማቆም እንደሌለብኝ፣ አንድ በአንድ፣ በቀላል ቃል፣ ዐይን ዐይኔን እያየ ዐሥር ደቂቃ ሙሉ አስረዳኝ። ውጭ የሚጠብቀው ሰው በር ሲያንኳኳ እንኳ አላቋረጠም። ሲጨርስ "ሌላ ጥያቄ አለሽ?" አለኝ።

ለካ ይችል ኖሯል።

በማግሥቱ ሐኪም ቀየርኩ።